አምስተኛው ዘፈንና ጸሐፊ ያጣው ቃለ ጉባኤ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ኦቦሌያን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ከጉቴም ከአኖም ከኑኑ ቁምባም በዚህ ክፉ ጊዜ መንገድ ሳይፈራ የመጣ ሁሉ፤ አካም ኦልታን! ጓድ መሸሻ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ እርስዎም ስለመጡ አመሰግናለሁ። ራቅ ብለው አይቁሙ፤ ጠጋ ይበሉ። የምናገረው እርስዎንም ይመለከታል።

ከሁሉ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ላጫውታችሁ። ዛሬ ጠዋት ጥቁር ኮቴን ስለብስ እያንጎራጎርኩ ነበር። እኔ አላወቅኩም፤ የነቃችብኝ ባለቤቴ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ወዳጅህ ሞቶ ትዘፍናለህ?» አለችኝ። መዝሙር ቢሆን ምን ነበረበት! ዘፈን ነው። ያውም የቱ ዘፈን? አምስተኛው! ቄስ፣ ይቅርታዎን። የሟቹ የሞረዳ ወዳጅ ሁሉ ግን ገብቶታል።

ለማያውቅ እንግዳ ልንገረው። አምና አንድ ካሴት ወጣ። በሁለተኛው ገጽ ካሉት አምስት ዘፈኖች አራቱ በየሠርጉ ተጨፈረባቸው። አምስተኛውን ግን ማንም አላወቀውም። ለምን? ገጹ ከሠላሳ ደቂቃ ትንሽ ይተርፋል። ካሴት ቤቶቻችን ሁሉ ደግሞ የሚቀዱት በባለ ስልሳ ደቂቃው ነው፤ በአንድ ገጽ ሠላሳ ብቻ። ድምፃዊው ገና አፉን ሳይከፍት ክሩ አልቆ ቋ! ይላል። ወለጋ በሙሉ የሰማው የዘፈኑን ጅራት ሳይሆን አንገቱን ብቻ ነው። በባለ ዘጠናው የሚቀዳ ማን ነበር? ባለ ካሴት ቤቱ ሞረዳ ብቻ! ለአንድ ዘፈን ብሎ!

ዳዲ፣ አለህ? አለ፤ የአኖ መስመር ሾፌር ዳዲ ይኸው። ታስታውሳለህ፣ «ኦቦ ሞረዳ፣ ይኼ ካሴት ተበላሽቷል፤ ዘፋኝ የለውም» ብለህ ልትመልስለት መጣህ። «ታገሥ፣ ይመጣል» አለህ። «መቼ?» አልከው። «ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ላይ» አለህ። ባስ ጊታሩ ብቻውን ገባ፤ ዱም፣ ዱም፣ ጣ! ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ ጥሩንባዎቹ። ዳዲዬ፣ ትከሻህ ቀደመህ። አውቶቡስህ ደጅ ቆሟል፤ ተሳፋሪው መሪው ላይ ወጥቶ ክላክስ ይነፋል፤ አንተ «ቆይ፣ አሁን ይመጣል!» ትላለህ። ሞረዳ እንዲህ ይል ነበር፤ ፈንክ የሚሉት ሙዚቃ ማለት ከጆሮ ቀድሞ ወገብ ሲሰማው ነው።

ሁሉም ግን አላመነውም። ፊት ለፊቱ ሸሚዝ የሚሸጠው ገብረኪዳን አላመነም። እስኪ ንገሩኝ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች በምን ተስማምተው ያውቃሉ?

«ጥሩ ዘፈን ቢሆን መጀመሪያ ላይ ያስገቡት ነበር» ይላል ገብረኪዳን፣ መንገዱን ሳይሻገር፣ ከሱቁ ሆኖ። «እኔ ጥሩ ሸሚዝ ከመደርደሪያ ኋላ እሸሽጋለሁ እንዴ?»

«አትሸሽግም ገብሬ። ጥሩውን ራስህ ለብሰኸዋል!»

«ባሱ ዘፋኙን ውጦታል!»

«አንተን ነው እንጂ የዋጠህ፤ እግርህ እኮ እየመታ ነው!»

«ብርድ ነው!»

ስምንት ወር! ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሞረዳ በር የሚቆመው ሰው መንገድ ዘጋ። አንድ ቅዳሜ ጩኸቱ ሲበዛ «በሥርዓት እንነጋገር» ተባለ። ወገኖቼ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው በሥርዓት እንነጋገር ሲባል ምን ያደርጋል? ሰብሳቢ መረጥን። ጸሐፊ መረጥን። አጀንዳ አስያዝን። ዘፈን ለመውደድ ቃለ ጉባኤ ያዝን!

ቃሉን አልረሳውም። አጀንዳ አንድ፦ አምስተኛው ዘፈን ከአራቱ ያንሳል ወይስ አያንስም? የተገኙ ሃያ ሦስት። የደገፉ አሥራ አንድ። የተቃወሙ አሥራ አንድ። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፤ እሱም ዳዲ ነው፣ እንቅልፍ ወስዶት። ሰብሳቢ፦ ሞረዳ። የተቃዋሚዎች ተጠሪ፦ ገብረኪዳን። መፈክር፦ የለም። የጸሐፊ ስምና ፊርማ፦ ባዶ። ጸሐፊው ሲስቅ መፈረሙን ረሳ።

ሳቅን። እንዴት ሳቅን!

በኅዳር ሱቁ ተፈተሸ። ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጣ። አሁን እናንተ በፈታሹ ዓይን አንብቡት። ያልተፈቀደ ስብሰባ። ተቃዋሚ። ተጠሪ። መፈክር የለም። ሃያ ሦስት ሰው፣ ግን ስም የለም። ስሙን የሚያውቅ ማን ነው? ጸሐፊው። ጸሐፊው ማን ነው?

ሞረዳን ወሰዱት፤ ገብረኪዳንንም ወሰዱት። በተለያየ ክፍል ጠየቋቸው። «ይህ የማን እጅ ነው?» ሞረዳ «የኔ ነው» አለ። ከግድግዳው ወዲያ ገብረኪዳንም «የኔ ነው» አለ። ስምንት ወር በአንድ ባስ ጊታር ያልተስማሙ ሰዎች! ብዕር ሰጥተው አስጻፏቸው። የሁለቱም እጅ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። ሁለቱም ግን «ያን ዕለት ቸኩዬ ነው» አሉ። ማን አስጠናቸው? ማንም።

ሞረዳ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሃያ አንድ ቀን ተኛ። ሳንባው አልቻለም። ሲያጣጥር ለቀቁት። ስምንት ቀን እቤቱ ቆየ፤ እኔም ስምንቱንም ቀን ከአልጋው አልራቅኩም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየሳለ ነው። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ «አንተ ዝም በል። ገብሬም ዝም ይላል» አለኝ። ትናንት ጠዋት ዐረፈ።

ገብረኪዳንስ? ዙሩና እዩ፤ በመካከላችን አለ? የለም። ይኸው ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ቀበሌው ውስጥ ተዘግቶበታል። የሞረዳን መሞት አልሰማም። መርዶውን ማን ይንገረው? ምግብ የሚያስገባው ዘበኛ? በበር ቀዳዳ? እኛ ሀገር መርዶ እንዲህ ይነገራል? ለወዳጅ መርዶ ወዳጅ ማልዶ ሄዶ፣ ትከሻውን ይዞ ነው የሚነግረው።

ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው። የሚፈልጉት ጸሐፊ ፊትዎ ቆሟል። ያ እጅ የኔ ነው። ወረቀቱን ያምጡና እዚሁ ይታይ፤ ስለ ዘፈን የምጽፈውን ይኼ ሁሉ ሰው በመጽሔት ያነባል፣ የእጅ ጽሑፌንም በፖስታ ከላክሁለት ደብዳቤ የሚያውቅ አለ። የሃያ ሦስቱን ስም አልሰጥዎትም፤ የኔን ግን ይኸው ሰጠሁ። ጸሐፊ ከተገኘ ገብረኪዳንን ምን ብለው ይይዙታል? ሸሚዝ ሻጭ ነው። ወንጀሉ ዘፈን አለመውደድ ነው።

አዴ ድንቅነሽ፣ አይዞሽ። ክንዴን ልቀቂው፣ እህቴ። ባልሽ አፉን ዘግቶ የሞተው ለኔ ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ለኔ አይሞትም። እናንተም ጠመንጃ የያዛችሁ ልጆች፣ ወዲህ አትቅረቡ፤ ቀብር ነው። አልሮጥም። በጥቁር ኮትና በዚህ ጫማ ወዴት እሮጣለሁ?

ሞረዳ።

ዝም በል ብለኸኝ ነበር። ሰብሳቢያችን ነህ፤ በዚህ ግን ተቃውሜሃለሁ። ብቻዬን ቢሆንም ድምፄ ይያዝልኝ።

የነቀምቴ ሰው በጆሮው ያልደረሰበትን አንተ አደረስከው። በግማሽ የተቆረጠ ነገር አትወድም ነበር። ዕድሜህ ግን ተቆረጠ።

አፈሩ ሲያልቅ ከዚህ በቀጥታ ወደ ቀበሌው እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ይሂድ፤ የማይችለውን አልቀየምም። የገብረኪዳንን ትከሻ ይዤ መርዶህን እነግረዋለሁ። ካለቀሰ በኋላም እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ዘፈኑ አሁን ምን ትላለህ ብዬ። የሚለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚህ መጥቼ እነግርሃለሁ። እኔ ካልመጣሁ እኔን አስገብተው እሱን አስወጥተውታል ማለት ነውና፣ ራሱ ይመጣል። ከሁለታችን አንዱ ይነግርሃል።

ነጋቲ፣ ሞረዳ፤ ደህና ሁን። ነጋቲ።