እኔ ቤት ስላደሩት የቶርቢዮርን ቦቶች

የምስክር ስም፦ ጉንቮር ሊንድማርክ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት
አድራሻ፦ ግራንቪክ፣ ሰሜን ስዊድን
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጁን 3 ቀን 2026

ቶርቢዮርን ሊያገባኝ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። እንደምን ዋላችሁ።

ተጠርጣሪው ቶርቢዮርን ሃግሉንድ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ሲሆን፣ ካለፈው መከር ጀምሮ ኩባንያው ከደቡብ ልኮት ግቢዬ ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አርፏል። የውሎ አበል የሚከፈለው ከቤቱ ርቆ ለሚያድር ሠራተኛ በመሆኑ፣ እኔ ቤት እየኖረ አበል ወስዷል ተብሎ መጠርጠሩ ተነግሮኛል። ከተፈረደበት ሥራውን ያጣል። ነገር ግን አበል እየወሰደ እኔ ቤት አልኖረም፤ ያደረው ሁልጊዜ ማረፊያው ውስጥ ነው።

የጥቆማው ምክንያት ቦት ጫማው ይመስለኛል። የማረፊያው የጫማ ማድረቂያ ስለተበላሸ፣ ማታ ርጥቡን ቦት ጋዜጣ ጠቅጥቄበት እኔ ምድጃ አጠገብ አደርቅለትና ጠዋት በረንዳዬ ላይ አወጣለታለሁ። እሱ ማታውኑ በእንጨት ነጠላ ጫማ ግቢውን ተሻግሮ ወደ ማረፊያው ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ ጫማው በራፍ ላይ ካለ ሰውየው ውስጥ ነው። በመኪና ሊወስደው የሚመጣው ባልደረባው ሮላንድ ቦቱን ባየ ቁጥር "አንተ ሙሽራ፣ ነጋ እኮ፣ ተነሥ እንጂ!" እያለ በሬን ይደበድብ ነበር። "ሰውዬህ ማዶ ነው፤ እዚህ ያደረው ቦቱ ነው" ስለው፣ "እትዬ ጉንቮር፣ እንግዲያው ቦቱም አበል ይከፈለዋ!" ብሎ ይስቅብኛል።

እውነቱን ለመናገር ግባ ያልኩት እኔው ነኝ። በበረዶው ወራት "በዚህ ብርድ ከምትመላለስ ለምን ጠቅልለህ አትገባም?" ብለው፣ "እዚህ ካደርኩ እኮ ቤቴ ሆነ። ቤቴ ከሆነ አበሉ አይገባኝም፤ የምተወው ደግሞ ለዕድሜ ልክ ከሆነ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ከእኔ አበሉን መረጠ ብዬ ተቀይሜዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን፣ ቤቴ ማለትን እንደ ዋዛ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓርብ ሻንጣውን ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ። "ለቢሮ ደውዬ ከዛሬ ጀምሮ አበሌ ይቁም ብያለሁ። ታገቢኛለሽ?" አለ። "ጫማህን አውልቅና ግባ" አልኩት። መጠርጠሩን የሰማነው ከዚያ በኋላ፣ ሰኞ ዕለት ነው። መቼ እንደደወለ ቢሮውን መጠየቅ ይቻላል።

የተናገርኩት ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ ነው፤ ተነቦልኝ ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጉንቮር ሊንድማርክ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ፦ ማትስ ኤክሉንድ

ከፊርማ በኋላ በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ፦ ሮላንድም ሆነ ቃሌን የጻፈው ፖሊስ እንዳይቀሩ። ጫማችሁን በራፌ ላይ ደርድሩት፤ ማን ውስጥ እንዳለ አገሩ ሁሉ ይይ። ሠርጉ በበጋ አጋማሽ በዓል፣ ቅዳሜ ጁን 20 ነው።