ምስክር ወረቀት ያለው ጆሮ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ባልዲውን እዚያ ጥግ አስቀምጡትና ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ መወልወያዎን ማንም አይወስድብዎትም። ይቺ የኮፒ ማሽን እስክትሞቅ ማንንም አላስተናግድም። ጠዋት ጠዋት ወረቀት ትነክሳለች፣ እኔም እንደ ሙሽራ እለማመጣታለሁ... ጋሼ፣ እርስዎም ይታገሱኝ። እስከዚያ ወረቀቱን ከፍሬሙ ያውጡት፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ከእትዬ ጋር የያዝነው ወሬ እርስዎን አይመለከትም።

ምን ልል ነበር... አዎ። እትዬ፣ ትናንት አሳፈሩን። እውነቴን ነው። ያቺ መነጽር የምታደርገው የሁለተኛ ዓመት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው አጠገቧ ቁጭ አሉ። በየትኛው ሥልጠና ነው? "እዚሁ ነኝ" ብለው ውሃ ሰጧት፣ ከዚያ ዝም። ራሷ እስክትናገር ሃያ ደቂቃ ዝም። ለመሆኑ ዝም ማለት ለመቻልዎ ማስረጃ አለዎት?

እኔ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ግን... ስም ምን ያደርጋል? እኚህ ሰው የተጨነቀ ተማሪ እንዴት እንደሚረዳ ሁለት ቀን ሙሉ ሠልጥነው ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ምሳቸውን እንኳ እዚያው ነው የበሉት። ጽሑፉን ኮፒ ሳደርግላቸው እኔም አነበብኩት። ላስረዳዎት፣ ከባድ አይደለም። ተማሪው ይናገር፣ አንተ አትፍረድበት ይላል። ከአቅምህ በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ አብረኸው ሂድ። ልብ ይበሉ፣ "ላከው" አይልም፤ "አብረኸው ሂድ" ነው የሚለው። ይኸው ነው፣ ሦስት መስመር አይሞላም። እሳቸው ግን ትናንት ለዚያችው ልጅ አርባ ደቂቃ አስረዷት። እንዲህ ያለ ዕውቀት የት ይገኛል?

ከቢሯቸው የሚለየን ግድግዳ ስስ ጣውላ ሆኖ ነው እንጂ ጆሮዬን አልጣልኩም። ልጅቷ ገና "መምህር፣ እኔ..." ከማለቷ፣ "አየሽ፣ ማዳመጥ ማለት..." ብለው ጀመሩላት። የሰው ንግግር ማቋረጥ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ሊያስረዷት ስንት ጊዜ እንዳቋረጧት ያውቃሉ? አምስቴ። ለሥራቸው እንዴት ያሉ ትጉ ናቸው። እሷም እንዴት ያለች አድማጭ ወጣት መሰለዎት። ራሷን እየነቀነቀች፣ አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ፣ ሳትፈርድባቸው። ምስክር ወረቀቱ ለማን ነበር የሚገባው እንዳልል... እኔ ምን አገባኝ?

ከእሳቸው ቢሮ እንደወጣች እኔ ጋ መጣች። የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ኮፒ አርግልኝ አለችኝ። ከዚያ ነው ኮሪደር ላይ ያገኟት። ምን እንዳለችዎት አልጠይቅዎትም፤ ብጠይቅም አይነግሩኝም። ቅጹን ሞልታ ስታስገባ ግን አይቻለሁ፣ "ምክንያት" የሚለውን ባዶ ነው የተወችው። ያን ባዶ መስመር አይቶ "ምነው ልጄ?" የሚል ሰው ቢገኝ እኮ ሳትሄድ ትቀር ነበር... ኧረ ተዉኝ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ያያል እንዴ? ፊርማቸው ግን ግሩም ነው። አንድ ጊዜ ሽው ካደረጉት የልጅቷ ነገር በቃ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

ቅጹ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ እስከ ምሳ ይፈረምበታል ተብሏል። እሷም ከጠዋት ጀምሮ በራቸው አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። አሁን ሳልፍ አየኋት፣ መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች። እሳቸው ቢሮ የሉም። ምን ያርጉ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ኮፒ የሚያስደርጉትም አይጠፋም...

እሰይ፣ ማሽኗ ሞቀች። ጋሼ፣ ስንት ኮፒ ነበር ያሉኝ? አሥር? ለየክፍሉ በር የሚለጠፍ? በጣም ጥሩ፣ ያምጡት... እንዴ፣ ወዴት ነው? ወደ ቢሮዎ? ፍሬሙን ጥለው? ግድ የለም፣ አስቀምጥልዎታለሁ፣ አይሰበርም።

ሄዱ? በሩን ክፍት ይተዉት እትዬ፣ ልመርቅ ነው፤ ምርቃት ሰው ቢሰማው አይከፋም። ከፍ አርገው አሜን ይበሉልኝ። እኚያን ያልኩዎትን ትልቅ ሰው አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ክፉ አይንካቸው፣ ሆድ አይባሳቸው። ድንገት አንድ ቀን ሆድ ቢብሳቸውና ሰው ቢፈልጉ ደግሞ... ልክ እንደ ራሳቸው ያለ አድማጭ ይዘዝላቸው።