በጾም ያበዛሁት ሽሮ

ልጄ ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ክንዱ መነመነብኝ። ሐኪሙ ስፖርት በልክ ሥራ፣ ሥጋና እንቁላል ቀንስ ብሎታል። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ደስ አለኝ፤ የጾም ምግብ ምን ይጎዳዋል ብዬ፣ ጡንቻ እንዲያወጣ ሽሮውንም ባቄላውንም አበዛሁለት። ምራቴ ሐኪሙ እንዳዘዛት ሽሮውን በማንኪያ ስትለካ፣ "አንቺ ቆንቋና፣ ባልሽን በረሃብ ልትጨርሺው ነው?" ብዬ በጎረቤት ፊት አዋረድኳት።

ደባርቅ ለምርመራ ስንሄድ ሐኪሙ እኔንና ምራቴን ለብቻ አስገብቶ ተቆጣ። "ጥራጥሬም በልክ ነው አላልኩም? ኩላሊቱ ብሶበታል፤ ማነው ያበዛለት?"

ምራቴ አንገቷን ደፍታ፣ "እኔ ነኝ ዶክተር፣ አጥፍቻለሁ" አለች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፍሽ አላልኩም። ሽሮውን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ዝም ማለቴን ግን እስካሁን ለእሳቸውም አልነገርኩም፣ እሷንም ይቅር በይኝ አላልኳትም።