የኋላው በር መብራት

ከካዛንቺስ ወደ ጎተራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ተማሪና በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ተማሪዋ የግል ዩኒቨርሲቲዋን ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ሴትየዋ ባጁን አይተው ጠየቋት።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«የለም ማዘር፣ ግቢው በር ላይ ሰልፍ ላይ ነበርን። በኋላው በር በኩል ሴቶች እየተደበደቡ ነው፣ መብራትና ጥበቃ ይደረግልን ብለን።»

«ምን አሏችሁ?»

«በቃ፣ ዛሬ እሺ አሉ። መብራቱን መትከል ጀምረዋል።»

«የኔም ልጅ እዚያ ነበር የምትማረው። ዓምና አቋረጠች።»

«ለምን?»

«በዚያ መንገድ ሰው ይከተለኛል ስትለኝ ‹አርፈሽ ተማሪ፣ ሰበብ አትፈልጊ› አልኳት። አንድ ቀን ልብሷ ተቀድዶ ቤት ገባች።»

«ልጅዎ ህይወት ናት እንዴ?»

«ታውቂያታለሽ?»

«እንዴት አላውቃትም! ማለቴ... መብራት ይግባልን ብላ ብቻዋን ቢሮ ለቢሮ ስትዞር፣ እኛ ፈተና ደርሷል ብለን ዝም አልናት። ያኔ አብረናት ብንቆም ኖሮ...»

«እኔ እናቷ እንኳ አልቆምኩላት፤ እናንተማ ልጆች ናችሁ።»

«መብራቱ ሊገባ መሆኑን ይንገሯት፣ በእናትዎ።»

«አንቺ ንገሪያት ልጄ። እኔን ከሰላምታ በላይ አታናግረኝም። ስልኳን ልስጥሽ።»

ቁጥሩን ቀስ እያሉ ሲነግሯት፣ እንዳልሰማ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።