ቅጠል የለበሰው ዴፖ

ከሞጆ ወደ ናዝሬት በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የነዳጅ ዴፖ ዘበኛና አንድ ካርታ ሠሪ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አባባ፣ የሚያፈስ ታንከር ካለ ወንዙ ሳይበከል እንድረስበት ብለን ነበር ከአውሮፕላን ፎቶ ያነሳነው» አለ ካርታ ሠሪው።

«ታዲያ ምን አያችሁ?»

«ምን እናያለን! ዴፖው ሁሉ ቅጠል ለብሷል።»

«እኛ ነን ያለበስነው። ጦርነት ነው፣ አውሮፕላን ስትሰሙ ሸፍኑ ተብለናል።»

«የጠላት አውሮፕላን ነዋ፣ አባባ!»

«ከታች ሆኜ የማን እንደሆነ በምን ልወቀው፣ ልጄ?»

«እሺ ይሁን። የሚያፈስ አለ?»

«አንዱ ወደ ወንዙ ያንጠባጥባል። እኛም የምንጠጣው ከዚያው ነው።»

«ኧረ ለአለቃዎ ይንገሩ!»

«ነግሬው ነበር። ‹ፎቶው ይምጣና እናያለን› አለኝ።»

የዚያን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር፣ ከታች ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች እያየሁ የጀመርኩትን ብርቱካን መላጥ ተውኩ።