ፀሐይ ያላየው ዱቄት

እስካሁን ቀፎ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የምመራመርበት ዱቄት ውሃ ውስጥ ያለን መርዝ ሰባብሮ ያመክናል። ለእረፍት ወደ ትውልድ መንደሬ አርብ ገበያ ስመጣ ጥቂት ይዤ ነበር። የንብ ቀፎዎች በተደረደሩበት በአጎቴ በመሪጌታ ግቢ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ በቀለም አጠቆርኩና ዱቄቱን ነስንሼ ፀሐይ ላይ ተውኩት። ከቅዳሴ ሲመለሱ ውሃው ጠርቶ አገኙት። «መርዝንም እንዲህ ያጠፋል?» አሉኝ። «ያጠፋል» አልኩና የተረፈውን ሰጠኋቸው። ያን ቀን የፈለግኩት ማስተማር ሳይሆን ማስደነቅ ነበር።

በወሩ ስመለስ ቀፎዎቹ ጭጭ ብለዋል። በበጋው ውሃ ቢጠፋ፣ አጎቴ የተባይ መድኃኒት በነበረበት ጀሪካን ውሃ ቀድተው፣ ዱቄቱን ጨምረው ለንቦቹ በገበቴ አቅርበውላቸዋል። ንቦቹ አልቀዋል።

«ምኑን እንዳጠፋሁ ንገረኝ እስቲ» አሉኝ። «እንደ ጸበል ነው የያዝኩት። ፀሐይ እንዳያየው ውሃውን ከነዱቄቱ ከድኜ ጓዳ ነው ያሳደርኩት።»

ዱቄቱ ያለ ፀሐይ አይሠራም። ያቺን አንዲት ነገር ሳልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አሁንም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና «ዱቄቱ አርጅቶ ነው» አልኳቸው።

መሪጌታ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ሌላ ትሠራለህ።»