የጥሩወርቅ ራስ ፍልጠት

በእኛ ጊዜ፣ ያ ደርግ እያለ፣ ራስ ፍልጠት በሽታ አይባልም ነበር። ስሚኝ ልጄ፣ ዛር ነበር የሚባል። እህቴ ጥሩወርቅ፣ የባልሽ አክስት፣ ማንኩሳ ተድራ ሳለች ራሷን ባንድ ጎኑ ብቻ ይዞ ይፈልጣታል፤ ብርሃን ያየች እንደሆን ታለቅሳለች፣ ያስመልሳታል፣ ታዲያ ራሷን በሻሽ ጠፍራ በር ዘግታ ትተኛለች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በደጇ ሲያልፍ «የሷ ራስ ስብሰባ ሲጠራ ነው የሚያማት» እያለ ይስቃል። አማቷ ደግሞ «ጠዋት ስቃ ከሰዓት በር የምትዘጋ ሴት! ዛሩ የቤታችን አይደለም፣ ይዛው ነው የመጣች» ትላለች።

ታዲያ የንስሐ አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ «ልጄ፣ ረቡዕና ዓርብ እህል ውሃ ሳትቀምሺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ፣ ይለቅሻል» አሏት። እና ጾመች። ጾመች፣ ባሰባት። ሲብስባት «ጾሙ አልበረታ ይሆናል» ብላ ሰኞንም ጨመረች። አየሽ እንግዲህ።

በኋላ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ፣ ያው ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ «መቼ መቼ ነው የሚነሣብሽ?» አላት።

«በጾም ቀን ነው ጌታዬ፣ ዛሩ ጾም አይወድም።»

አልሳቀም። «ዛር ሳይሆን ባዶ ሆድሽ ነው የሚቀሰቅሰው እቴ። በዘር የሚወርድ ራስ ምታት ነው። ሳትበዪ አትዋዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ እንቅልፍ አይጉደልብሽ። ሲጀምርሽ፣ ሳይጠና፣ ይህን ኪኒን ዋጪና ጨለማ ቤት ተኚ።»

«ጾም ልሻር?»

«እሱን አባትሽን ጠይቂ።»

አባም ሲነገራቸው «እንድትታመሚ አልነበረም ያልኩሽ። ብዪ፣ ፈትቼሻለሁ» አሏት። እና እየቀለላት ሄደ፤ ጨርሶ አልተዋትም፣ ግን ቀለላት። ምን ያደርጋል፣ እስከዚያ ባሏ ፈቷት ሌላ አግብቶ ነበር። ዛር አለባት የተባለችን ማን መልሶ ያስገባል? ራሷ ሲሻላት ቤቷ ፈርሶ ጠበቃት። እኔው ዘንድ ኖራ እኔው ቀበርኳት።

አሁን አንቺ ደግሞ ልጅሽ ራሷን ይዛ ከብርሃን ትሸሻለች ብለሽ ነገ ጸበል ልትወስጃት ነው። ውሰጃት፣ አልከለክልሽም። ለመሆኑ ዛሬ ምን በላች?

«ኧረ እምዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አላቀመስኳት» አልኳቸው። «ጸበሉ በባዶ ሆድ ነው ብዬ፣ ከዛሬው ትልመደው ብዬ።»

አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ምግብ ሊያወጡላት ጓዳ ገቡ።